ያረጀ ባሮሎ አቀማመስ፦ ጠርሙሱን ከማቆም እስከ ማግስቱ ድረስ

ያረጀ የጣሊያን ቀይ ወይን ላይ ሰው ቶሎ ይፈርዳል። ጠርሙሱ ይከፈታል፣ ይቀዳል፣ አንድ ጊዜ ፉት ይባላል፣ ከዚያ «ይሄማ አልፎበታል» ይባልና ነገሩ ያበቃል። ብዙ ጊዜ ግን ወይኑ ምንም አልሆነም። ሃያ ዓመት ተዘግቶ የኖረ ነገር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያለውን ሁሉ አያሳይም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ ጊዜ ስጡት፣ እየተመለሳችሁም ቅመሱት።

የማወራው ስለ ባሮሎ ነው። ከጣሊያን ቀይ ወይኖች ውስጥ በማርጀት የሚለወጠውን ያህል የሚለወጥ ብዙ የለም፣ ደግሞም እንደ እሱ በተሳሳተ መንገድ የሚጠጣ አላየሁም። ባርባሬስኮ ወይም ብሩኔሎ ዲ ሞንታልቺኖ ካላችሁም አብዛኛው ነገር ይሠራል።

መጀመሪያ፣ ምን እንደያዛችሁ እወቁ

ባሮሎ የሚመጣው ከሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ ከፒዬሞንቴ ክልል ነው። አልባ ከተማ አጠገብ ላንጌ የሚባሉ ኮረብታዎች አሉ። እዚያ፣ በ11 ትንንሽ ከተሞችና መንደሮች ክልል ውስጥ፣ ኔቢዮሎ ከሚባል አንድ የወይን ዘር ብቻ ይሠራል። ሌላ ዘር አይቀላቀልበትም። በሕጉ መሠረት ቢያንስ 38 ወር ሳይቆይ ለገበያ አይወጣም፣ ከዚያ ውስጥ 18 ወሩን በእንጨት በርሜል ማሳለፍ አለበት። ሌብሉ ላይ «ሪዜርቫ» የሚል ካለ ቆይታው 62 ወር ይሆናል። ጎረቤቱ ባርባሬስኮም ከዚያው ከኔቢዮሎ ነው፣ ለእሱ ግን 26 ወር ይበቃዋል።

ኔቢዮሎ አስቸጋሪ ዘር ነው። ዘግይቶ ይበስላል፣ ለቀማው አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት አካባቢ ነው። አሲዱ ከፍተኛ ነው፣ ታኒኑም እንደዚያው። ታኒን ማለት ድዳችሁንና ምላሳችሁን የሚያደርቀው ነገር ነው፣ ጥቁር ሻይ ብዙ ሲፈላ አፍ የሚይዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወጣት ባሮሎ ላይ ይሄ ነገር ኃይለኛ ነው፣ አንዳንዱን እንዲያውም ለመጠጣት ይከብዳል። በዓመታት ውስጥ ታኒኑ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይከብዳል፣ ከፊሉም ከቀለሙ ጋር ወደ ታች ይወርድና አተላ ይሆናል። ወይኑ የሚለሰልሰው ለዚህ ነው። ጠርሙሱ ግርጌ ላይ የምታዩት ጥቁር ዝቃጭ የዚህ ሁሉ ቅሪት ነው እንጂ የመበላሸት ምልክት አይደለም።

ሌብሉ ላይ ያለውን ዓመትም ተመልከቱ፣ ወይኑ የተለቀመበት ዓመት ነው፣ ቁጥሩም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 1996 በአሲድና በታኒን የጠነከረ ዓመት ነበር፣ ዛሬም ቢሆን ገና የማይቸኩል ወይን ታገኙበታላችሁ። 2003 አውሮፓን ያቃጠለው የሙቀት በጋ የነበረበት ነው፣ ከዚያ ዓመት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ቶሎ ያረጃል። 2004 ሚዛኑ የተጠበቀ፣ መዓዛው ደስ የሚል ዓመት ነው፣ ያረጀ ባሮሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ ሰው እኔ የምመርጠው እሱን ነው። 2006 ደግሞ ዝግ ያለና ጠንካራ ነው። በ2002 የዝናቡና የበረዶው ነገር ብዙ አምራቾችን አስለቅሷል፣ ስለዚህ የዚያን ዓመት ጠርሙስ ስትገዙ ጠንቀቅ በሉ።

መንደሩም ለውጥ ያመጣል። ላ ሞራ እና ባሮሎ መንደር አካባቢ የሚመጣው በአብዛኛው መዓዛው የሚቀድም፣ ለስለስ ያለ ነው። ሴራሉንጋ ዳልባ እና ሞንፎርቴ ዳልባ ደግሞ ጠንከር ያለ፣ ብዙ ዓመት የሚጠይቅ ወይን ይሰጣሉ። ይሄ አጠቃላይ ነገር ነው፣ አምራቹ ሊገለብጠው ይችላል።

አምራቹ ሲባል አንድ ነገር ላንሳ። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ባሮሎ ውስጥ ትልቅ ጠብ ነበር። የድሮዎቹ ወይኑን በትላልቅ አሮጌ የኦክ በርሜሎች ያስቀምጡ ነበር፣ ወጣቶቹ ደግሞ ትንንሽ አዳዲስ የፈረንሳይ በርሜሎች አመጡ። ከወጣቶቹ አንዱ፣ ኤሊዮ አልታሬ፣ የአባቱን ትላልቅ በርሜሎች በሞተር መጋዝ ቆራርጦ እስከመጣል ደርሷል፣ አባቱም ከውርስ ነቀሉት። ይሄ ለእናንተ ለምን ያስፈልጋል? ብርጭቋችሁ ውስጥ የቫኒላ ወይም የተጠበሰ እንጨት ሽታ ጎልቶ ካገኛችሁ ከአዲስ ትንሽ በርሜል የመጣ ነው። እንደ ባርቶሎ ማስካሬሎ ወይም ጃኮሞ ኮንቴርኖ ካሉ የድሮውን መንገድ ከያዙ ቤቶች ከሆነ ግን እንጨቱን ጨርሶ ላትሸቱት ትችላላችሁ። እኔ የማደላው ወደ እነሱ ነው፣ ሲያረጅ ወይኑ ራሱ ይናገራል።

ከሁለት ሦስት ቀን በፊት

ጠርሙሱን አቁሙት። ተኝቶ ሲቀመጥ አተላው ጎኑ ላይ ይተኛል፣ ወደ ታች እስኪወርድ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። የኔቢዮሎ አተላ እንደ ዱቄት የደቀቀ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቀን ብትሰጡት ይሻላል። ጠርሙሱን ከሱቅ አምጥታችሁ በዚያው ማታ አትክፈቱ፣ በመኪና ሲናጥ የመጣ ያረጀ ወይን ድፍርስ ነው፣ ሲጠጣም አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ይመርራልም።

ስታቆሙት አንገቱን በብርሃን እዩት። ወይኑ ከቡሹ በታች እስከ የት ነው? ሃያ ዓመት በሞላው ጠርሙስ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል መጉደሉ የተለመደ ነው። በጣም ከጎደለ አየር ገብቶበታል ማለት ነው። ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ ሽፋኑን ካሳበጠ፣ ወይም በጎኑ ያፈሰሰ ምልክት ካለ፣ ወይኑ አንድ ቦታ ላይ ሙቀት መትቶታል። አሁንም መክፈት ትችላላችሁ፣ ግን እንግዳ ጠርታችሁ አይሁን።

ክፍሉና ብርጭቆው

ቡና ተቆልቶበት ዕጣን የጨሰበት ክፍል ውስጥ ያረጀ ወይን አትቅመሱ። ሁለቱም ውድ ነገሮች ናቸው፣ አብረው ግን አይሆኑም። የዕጣን ሽታ መጋረጃና ምንጣፍ ውስጥ ሰዓታት ይቆያል፣ የወይኑ መዓዛ ደግሞ ስስ ነው። ቡናውን ለነገ አድርጉት፣ ወይም ወደ ሌላ ክፍል ሂዱ። ሽቶም አትቀቡ።

ብርጭቆው ሰፋ ያለ ሆድ ያለው፣ አፉ ጠበብ የሚል ይሁን። ከመቅዳታችሁ በፊት ባዶውን ብርጭቆ አሽቱት። ብዙ ጊዜ የሳሙና ወይም የቁም ሳጥን ሽታ አለው፣ ሰው ይሄንን ሳያውቅ ወይኑን ይወቅሳል። በሙቅ ውሃ ብቻ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ትንሽ ወይን አዙራችሁ አለቅልቁበት።

ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሁን። «በክፍል ሙቀት» የሚባለው የድሮ ቀዝቃዛ የአውሮፓ ቤቶችን ነው እንጂ የዛሬን ሳሎን አይደለም። ክፍላችሁ ሞቃት ከሆነ ጠርሙሱን ቆሞ እንዳለ ለሃያ ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፣ ሲበዛ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ታኒኑ ይጎረብጣል።

ቡሹን ማውጣት

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። የጠርሙሱን አንገት የሸፈነውን ሽፋን ከከንፈሩ በታች ቆርጣችሁ አንሱት። ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ ልታዩ ትችላላችሁ። አትደንግጡ፣ እርጥበት ባለው ምድር ቤት የኖረ ጠርሙስ እንደዚያ ነው፣ እንዲያውም በደንብ እንደተቀመጠ ይናገራል። በእርጥብ ጨርቅ ጥርግ አድርጉት፣ ከዚያ በደረቅ።

ያረጀ ቡሽ መሃሉ ደረቅና ተሰባሪ፣ ከታች ደግሞ ወይን የጠገበና የለሰለሰ ነው። በተራው ጠመዝማዛ መክፈቻ በኃይል ከሳባችሁት ለሁለት ይቆረጣል። ጠመዝማዛውን መሃል ለመሃል፣ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከተለመደው ጠለቅ አድርጋችሁ አስገቡት። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ሳቡ፣ ቡሹ መንቀሳቀስ ሲጀምር ቆም በሉ፣ እንደገና ሳቡ። መጨረሻው ላይ መክፈቻውን ተዉትና በጣታችሁ ወዘወዝ እያደረጋችሁ አውጡት። ባለ ሁለት ምላሱ መክፈቻ፣ «አህ-ሶ» የሚባለው፣ ካላችሁ ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው፦ ሁለቱ ቀጫጭን ምላሶች በቡሹና በመስታወቱ መሃል ይገባሉ፣ ከዚያ እያዞራችሁ ትስባላችሁ። ቡሹ የላላ ከመሰላችሁ ግን ምላሶቹ ወደ ውስጥ ሊገፉት ስለሚችሉ ተጠንቀቁ። ተሰባብሮ ቢገባም ወይኑ አልተበላሸም፣ በንጹሕ የሻይ ማጥለያ አጥልሉት።

የጠርሙሱን አፍ ከውስጥም ጥረጉ። ከዚያ ጣት የማይሞላ ያህል ቅዱና አሽቱ። ይሄ ቅምሻ አይደለም፣ ጤንነቱን ማየት ነው።

ታሟል ወይስ ገና አልነቃም?

ይሄኛው ክፍል ላይ ረጋ ብዬ መሄድ እፈልጋለሁ፣ ብዙ ጥሩ ጠርሙስ ወደ ማጠቢያ ገንዳ የሚሄደው እዚህ ጋ ነው።

የረጠበ ካርቶን፣ የሻገተ ጨርቅ የሚመስል ሽታ ከመጣ፣ ፍሬውም ድምፁ የጠፋ ከሆነ፣ ቡሹ በሽታ አስይዞታል። ምክንያቱ ቲሲኤ የሚባል ኬሚካል ነው፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ከአንድ ግራም ቢሊዮንኛው ጥቂት እጥፍ ብቻ ቢኖር አፍንጫ ይይዘዋል። ለጤና አይጎዳም፣ ግን አየር ሲያገኝ አይጠፋም፣ እየባሰ ነው የሚሄደው። ለዚህ መድኃኒት የለውም። ከሱቅ ወይም ከሬስቶራንት ከሆነ መልሱት፣ መብታችሁ ነው።

አቼቶ የሚሸት ከሆነ፣ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ መጠኑን እዩ። በጣም ጥቂቱ በድሮ ባሮሎ ውስጥ የተለመደ ነው፣ መዓዛውን ከፍ ያደርገዋልም። አፍንጫ የሚያቃጥል ከሆነ ግን አልፎበታል። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ቡናማ ሆኖ፣ ሽታው የበሰበሰ ፖም ወይም የለውዝ ብቻ ሆኖ፣ አፍ ውስጥ ደግሞ ምንም ሕይወት ከሌለውም እንደዚያው።

ከእነዚህ ውጪ ያለው፣ ማለትም ትንሽ የታፈነ፣ የምድር ቤት፣ የእርጥብ አፈር፣ የቆሻሻ ውሃ እንኳ የሚመስል ሽታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ገና መክፈት ብቻ ነው ያመጣው። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ይበናል። ስለዚህ ካርቶን ካልሆነ አትፍረዱ። ብርጭቆውን አስቀምጡትና ሥራችሁን ሥሩ።

ይገልበጥ ወይስ ይቆይ?

ወደ ዲካንተር፣ ማለትም ወይን ከጠርሙሱ ወደሚገለበጥበት የመስታወት ዕቃ፣ የመገልበጥ ነገር ሁልጊዜ ያከራክራል። የእኔ አካሄድ እንዲህ ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላውና ከጠንካራ ዓመት የመጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ 2010፣ ሰፊ ዲካንተር ውስጥ ገልብጡትና ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ። ሠላሳ ያለፈው ከሆነ ግን አትገልብጡት። ጠዋት ክፈቱ፣ ወይኑ እስከ ጠርሙሱ ትከሻ እንዲወርድ ትንሽ ቀድታችሁ ቅመሱ፣ ከዚያ ጠርሙሱን ቡሹን ሳትመልሱ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ እስከ ማታ ተዉት። አየሩ በቀስታ ይገባል፣ ወይኑ አይደነግጥም። ኔቢዮሎ የሚወዱ ሰዎች ብዙዎቹ ያረጀውን እንደዚህ ነው የሚከፍቱት፣ እኔም ከማንኛውም ዘዴ በላይ የማምነው ይሄንን ነው።

በመሃል ያለውን፣ ሃያ ሃያ አምስት ዓመቱን፣ ከአተላው ለመለየት ብቻ ጠበብ ባለ ዲካንተር መገልበጥ ይቻላል። ከጠርሙሱ አንገት ጀርባ ሻማ ወይም የሞባይል መብራት አስቀምጡ። ሳታቋርጡ፣ እጃችሁ ሳይንቀጠቀጥ፣ በቀጭኑ አፍስሱ። መሃል ላይ ጠርሙሱን መልሳችሁ ቀጥ ካደረጋችሁት አተላው ይነሳል፣ እንደገና መጀመር አይቻልም። መጨረሻ ላይ ጭስ የመሰለ ጥቁር ክር ወደ አንገቱ ሲመጣ ታያላችሁ። እዚያ ጋ ቁሙ። የሚቀረው ሁለት ጣት ያህል ለወጥ ይሆናል እንጂ ለብርጭቆ አይሆንም።

አሁን ቅምሻው

ብርጭቆውን ከሲሶው በላይ አትሙሉት። ነጭ ወረቀት ላይ አዘንብላችሁ እዩት። ኔቢዮሎ በወጣትነቱም ቀለሙ ስስ ነው፣ ሲያረጅ ደግሞ መሃሉ የጡብ ቀይ፣ ጠርዙ ወደ ብርቱካን የሚሄድ ይሆናል። «ውሃ የመሰለ ነው» ብላችሁ እንዳትንቁት፣ ከዚህ ቀለም ስር ከፍተኛ አቅም አለ። መታየት ያለበት ጥራቱ ነው፦ ብርሃን ያሳልፋል? ያበራል? ድፍርስና ደብዛዛ ቡናማ ከሆነ ጥያቄ አለ።

መጀመሪያ ሳታዞሩት አሽቱት። ያረጀ ወይን ላይ በጣም ስሱ መዓዛ የሚገኘው በዚህች ጊዜ ነው፣ ብርጭቆውን ወዲያው በኃይል የሚያሽከረክር ሰው ያጣዋል። ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩትና እንደገና አሽቱ፣ አጠር አጠር አድርጋችሁ። የደረቀ ጽጌረዳ ፈልጉ። ሬንጅ ፈልጉ፣ አዎ፣ ሬንጅ፤ ጽጌረዳና ሬንጅ አብረው መምጣታቸው የባሮሎ መታወቂያ ነው። ከዚያ በኋላ የደረቀ ቼሪ፣ ቆዳ፣ ትምባሆ፣ እንጉዳይ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንዳንዴም እንደ ናና የሚቀዘቅዝ ነገር ይመጣል። የአልባ ነጭ ትረፍል የሚባለውን፣ በየመከሩ ወቅት በከተማዋ ትልቅ ትርዒት የሚደረግለትን ውድ እንጉዳይ፣ የሚያስታውስ ሽታም ይገኛል። ሁሉንም ማግኘት የለባችሁም። የሌሎችን ዝርዝር ለማግኘት አትጨነቁ፣ የራሳችሁን ጻፉ። የበርበሬ መደብ፣ የእናታችሁ ቁም ሳጥን፣ የደረቀ ጭድ ከሸተታችሁ እሱ ነው፣ ትክክል ናችሁ።

ከዚያ ፉት በሉ፣ ግን ትንሽ አትሁን፣ አፋችሁን ሊዞር የሚችል ያህል። ዋጥ ከማድረጋችሁ በፊት ከንፈራችሁን ገርበብ አድርጋችሁ በወይኑ ላይ አየር ሳቡ። ድምፅ ያወጣል፣ ቡና ቀማሾች ከማንኪያው ሲስቡ እንደሚያወጡት፣ ምክንያቱም ተመሳሳይ ነው፦ መዓዛው ከጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል። አሥር ሰከንድ ያህል አቆዩት። ብዙ ጠርሙስ የምትቀምሱ ከሆነ መትፋት ነውር አይደለም፣ አንድ ጠርሙስ ለማድነቅ ከተቀመጣችሁ ግን ዋጡት።

አሁን ሁለት ነገር ብቻ አዳምጡ። አንደኛ፣ ምራቃችሁ ከምላሳችሁ ጎን ይፈሳል? ያ አሲዱ ነው፣ ወይኑን በሕይወት ያቆየው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ድዳችሁና ከንፈራችሁ ይደርቃል? ያ ታኒኑ ነው። በደረሰ ባሮሎ ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ ነገር ግን አንዱ ሌላውን አይጮህበትም፤ ታኒኑ እንደ ጥሩ ጨርቅ ለስላሳ ሆኖ ይሰማል እንጂ አይቧጭርም፣ መሃል ላይም ጣፋጭ የመሰለ የደረቀ ፍሬ ጣዕም ይመጣል፣ ስኳር ባይኖረውም። ታኒኑ ብቻ ቀርቶ ፍሬው ከሄደ፣ አፋችሁ ደርቆ ሌላ የሚያጽናና ነገር ካላገኘ፣ ያ ወይን ሚዛኑን አጥቷል፣ ብትጠብቁትም አይመለስም። ፍሬው ኖሮ ታኒኑ ገና የሚናከስ ከሆነ ደግሞ ወንድም ወይም እህት ጠርሙስ ካለው ለአምስት ዓመት አስቀምጡለት።

ከዋጣችሁ በኋላ ዝም በሉና ጣዕሙ እስከ መቼ እንደሚቆይ ተከታተሉ። የጥሩ ባሮሎ ጣዕም ወዲያው አይጠፋም፣ እያለፈ ይለወጣል እንጂ። ከወጥ ቤት መልስ እንኳ አፋችሁ ውስጥ ካለ ጥሩ ነገር ይዛችኋል።

ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱ፣ ማታውን በሙሉ አብራችሁት ሁኑ። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ ከተቀዳው ትንሽ ሳልጠጣ አስቀርና መጨረሻ ላይ ከአዲሱ ጋር አስተያየዋለሁ። መጀመሪያ ላይ አፈርና እንጉዳይ ብቻ የነበረው ብርጭቆ ሁለት ሰዓት ቆይቶ አበባ ሲሆን ማየት በሌላ መንገድ አይገኝም። በየተራው አንድ አንድ መስመር ጻፉ፣ ሰዓቱን ጨምራችሁ።

ከምን ጋር ይጠጣ?

በርበሬ የበዛበት ምግብ አይሆንም። ዶሮ ወጥ እወዳለሁ፣ ግን የሚያቃጥል ነገር ታኒኑንና አልኮሉን ያስቆጣቸዋል፣ የወይኑ ስስ መዓዛም ይደፈጠጣል። ፒዬሞንቴ ውስጥ ከባሮሎ ጋር የሚቀርበው በራሱ በወይኑ ለሰዓታት የበሰለ የበሬ ሥጋ፣ ወይም ታያሪን የሚባለው ቀጭን የእንቁላል ፓስታ በቅቤ ነው። ቆየት ያለ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ አይብ ብቻውን ይበቃል። አንድ ደስ የሚለኝ ነገር፣ አልባም ውስጥ ጥሬ ሥጋ ይበላል፣ በቢላ የተከተከተ የጥጃ ሥጋ በወይራ ዘይትና በጨው። ስለዚህ ሚጥሚጣ ያልበዛበት፣ ቅቤው ለስለስ ያለ ክትፎ ከደረሰ ባሮሎ ጋር ሞክሩ። ያለ ቃሪያ የተጠበሰ ጥብስም እንዲሁ።

ከተረፈ ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ አስገቡት። ሠላሳ አርባ ዓመቱ ማግስቱን ላይደርስ ይችላል፣ ስለዚህ ያንን በዚያው ማታ ጨርሱ። ሃያ ዓመቱን ግን በነጋታው ከፍሪጅ አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ተዉትና እንደገና ቅመሱት፣ በተለይ ማታ ላይ ግትር ሆኖ ያስቸገራችሁ ከሆነ።